ሰማዩ ጠርቶ ውሃው ሲደፈርስ

አስጎብኚ ነኝ። በሥራዬ ረጅም መንገድ ብዙም አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ አጭሩ ነው። ሩቅ የሚሄድ ሰው ይዘጋጃል። ጫማውን ይመርጣል፣ ውሃ ይይዛል፣ ይጠይቃል። "ግማሽ ሰዓት ነው" የተባለ ሰው ግን በነጠላ ጫማ ከች ይላል።

የዚያን ቀን ደንበኞቻችን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሃያ ሰው ገደማ። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በጫካው ውስጥ ይወርድና አንድ ጅረት ተሻግሮ ፏፏቴው ሥር ያደርሳል። ድልድይ የለም። ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ነው የሚያልፉት። እኔ ከፊት ሆንኩ። ከኋላ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። ኋላ የሚሆኑት ደክሟቸው እንዳይመስላችሁ። ቡድን የሚበተነው ከጭራው ነው ይላሉ።

እንደደረስን ሁሉም ስልኩን መዘዘ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ቀጭን እንጨት ሰብረው ውሃው አሸዋውን የሚነካበት ጫፍ ላይ ተከሉ። አንዲት ልጅ "ምንድነው ጋሼ?" አለቻቸው። "መለኪያዬ ነው" አሏት። ሳቀች።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ችግሩ፣ ፏፏቴ ሥር የቆመ ሰው ጆሮ የለውም ማለት ይቻላል። ሩቅ ነጎድጓድ ቢኖር እንኳ የውሃው ድምፅ ይውጠዋል። ገደሉና ዛፉም እይታውን ስለሚከልሉት የሚታየው ከአናት በላይ ያለችው ቁራጭ ሰማይ ብቻ ናት። ዝናቡ ደግሞ የሚጥለው ከላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት በኩል ሊሆን ይችላል። እታች አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ የሚመጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ቅጠል ነበር። ከዚያ ጭራሮ። ቀጥሎ ከፏፏቴው የሚወርደው ነጭ ውሃ ወደ ቡናማ መለወጥ ጀመረ። እንጨቷን አየኋት፤ ከሥሯ አንድ ጣት ያህል ውሃ ውስጥ ገብታለች። ጋሼ አልጮኹም። መጥተው ክንዴን ያዙና በአገጫቸው ወደ ውሃው ጠቆሙኝ።

"እንውጣ!" ስንል የክፍሉ ኃላፊ ተቆጣ። "ገና አሁን ደረስን እኮ! ሰማዩን አታዩም እንዴ?"

"ሰማዩን ተዉት" አሉት ጋሼ። "ውሃውን ይዩ።"

ደግነቱ ሰዎቹ ከአለቃቸው ይልቅ የጋሼን ፊት አምነው ተነሡ። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ስንመጣ ጀርባቸው ደረቅ የነበሩት ድንጋዮች ላይ ውሃ መፍሰስ ጀምሯል። አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዝኩ አሳለፍኳቸው። ኃላፊው ግን የስልክ ማቆሚያውን ረስቶ ኖሮ ተመልሷል። ጋሼም ተከትለውታል። ሁለቱ ሲመለሱ ድንጋዮቹ የሉም። ጅረቱ ጉልበት ይደርሳል፤ ይዞት የሚወርደው እንጨት ደግሞ አያድርስ ነው።

ከእኔ ጋር ካሉት አንዱ "ገመድ የላችሁም? ወገባቸው ላይ አስረን እንጎትታቸው" አለ። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን ሰው ይገድላል። ወገቡ የታሰረ ሰው ከወደቀ ገመዱ እንደተወጠረ ሞገዱ ይጫነውና ውሃ ሥር ያስቀረዋል። ራሱን መፍታትም አይችልም። ጉልበት ድረስ የሆነ ውሃም ቀላል አይደለም። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖም አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። እግር በድንጋዮች መሃል ከተቀረቀረ ደግሞ መዋኘት ማወቅ ምንም አይጠቅምም።

ጋሼ ከወዲያ ማዶ ሁለት መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደረጉልኝ። እንጠብቃለን ማለታቸው ነው። ኃላፊውን ከፍ ወዳለው ቦታ ወስደው አስቀመጡት። እሱ ሰዓቱን እየጠቆመ ይነሣል፤ እሳቸው እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። ከዚያ ወርደው ሌላ እንጨት ተከሉ።

ትንሽ ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ዝናቡ ካቆመ ቶሎ ይጎድላል። ያም ሆኖ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ጫካ ውስጥ ደግሞ ሜዳው ላይ ገና ብርሃን እያለ ይጨልማል። ድንጋዮቹ ብቅ ሲሉ በባትሪ እያበራሁላቸው ተሻገሩ። ኃላፊው ማቆሚያውን በብብቱ ይዞ ነበር። ማንም ትንፍሽ አላለም።

በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ መጣ። "ፕሮግራሙ ያለ በቂ ምክንያት ተቋርጧል" ይላል፤ ከክፍያው እንዲቀነስላቸውም ይጠይቃል። አለቃችን የሁለታችንንም ሪፖርት ፈለገ። እኔ ሁለት ገጽ ሞላሁ። የጋሼ ሦስት መስመር ናት፦ "ውሃው ደፈረሰ። ሰዎቹን አስወጣን። ሁለታችን ወዲያ ማዶ ቀርተን ነበር፤ ሲጎድል ተሻገርን።" ለደንበኛው የተላከችው የሳቸው ናት።

ከዚያ ወዲህ ከመነሣታችን በፊት ወንዙ ከሚነሳበት በኩል ላለ ሰው ደውለን ዝናብ መኖር አለመኖሩን እንጠይቃለን። መሻገሪያው ላይም አንዳችን እንቀራለን። ጋሼ ግን ይሄ አልበቃቸውም። በዝናብ ወራት መንገዱ ጭራሽ ይዘጋ ባይ ናቸው። አለቃችን ገበያችን ይሞታል ይላል። እኔ ከጅረቱ ወዲህ ሆነን ፏፏቴውን በዛፎቹ መሃል እናሳይ ብያለሁ። "ፎቶ ለማየትማ ቤታቸው ይቀመጡ" አለኝ አለቃችን። ክርክሩ አላለቀም።