መስመሩ እየተቆራረጠ ድሮኖች እንዴት ይስማማሉ?

አራት ድሮኖች በአንድ ከፍታ መብረር አለባቸው እንበል። አሁን ያሉት በ20፣ 24፣ 28 እና 32 ሜትር ላይ ነው። አዛዥ የላቸውም፤ እያንዳንዱ የሚሰማው ሬዲዮው የደረሰበትን ጎረቤት ብቻ ሲሆን ጎረቤቱም ይለዋወጣል። ቀመሩ አጭር ነው፦ ከጎረቤት ቁጥር (እዚህ ከፍታው ነው) የራስን መቀነስ፣ ልዩነቱን በክብደት፣ ማለትም ለጎረቤት ቁጥር በሚሰጠው ክፍልፋይ ማባዛት፣ የሁሉንም ጎረቤቶች ውጤት ደምሮ በራስ ቁጥር ላይ መጨመር።

ኔትወርኩ ሁልጊዜ የተያያዘ መሆን አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው። ግዴታ አይደለም። በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ዙር አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ብቻ ይገናኙ፤ በ2ኛውና በ4ኛው ዙር ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ። ክብደቱ ግማሽ ነው። ከ1ኛው ዙር በኋላ 22፣ 22፣ 30፣ 30፤ ከ3ኛው በኋላ 24፣ 24፣ 28፣ 28፤ ከ5ኛው በኋላ 25፣ 25፣ 27፣ 27። አራቱ በአንድ ቅጽበት ተያይዘው አያውቁም፣ ሆኖም ወደ 26 እየተሰበሰቡ ነው። ተመራማሪዎቹ ጃድባባይ፣ ሊንና ሞርስ በ2003 ባወጡት ሥራ ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፦ ርዝመቱ በተገደበ በእያንዳንዱ ተከታታይ የጊዜ ክፍል የታዩት መስመሮች አንድ ላይ ሲደመሩ ሁሉንም ካገናኙ ይበቃል።

ክብደቱን ግን ግማሽ ላይ መቸንከር አደገኛ ነው። 0 ላይ ያለ አንድ ድሮን መሐል ሆኖ 4 ላይ ካሉ ሦስት ጋር ቢገናኝ፣ በቀጣዩ ዙር እሱ 6፣ እነሱ 2 ይሆናሉ፤ ከዚያ ተመልሰው 0 እና 4። ማቆሚያ የለውም! ስለዚህ የሚገናኙትን የሁለቱን ድሮኖች የጎረቤት ብዛት አወዳድሮ በትልቁ ላይ 1 መደመር፣ ከዚያ 1ን ለድምሩ አካፍሎ ውጤቱን ክብደት ማድረግ ይሻላል። የጎረቤት ብዛት በዚያው ዙር፣ ከዋናው ቁጥር አስቀድሞ መላክ አለበት፤ ያረጀ ብዛት የሁለቱን ክብደት ያለያያል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው በአንድ ወገን የጠፋ መልእክት ነው። በ1ኛው ዙር ሁለተኛው ድሮን የአንደኛውን ካልሰማ 24 ላይ ይቀራል፣ አንደኛው ግን 22 ይሆናል። ድምሩ ከ104 ወደ 106 ስለሚያድግ ቡድኑ በ26.5 ይስማማል። ለከፍታ ምንም አይደለም፤ የሙቀት አማካይ ለሚለኩ ሴንሰሮች ግን ሁሉም የተስማሙበት ስሕተት ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። መልእክቱ መድረሱን የሚገልጽ ማረጋገጫ መጠየቅ አያድንም፤ ማረጋገጫውም ይጠፋል። መፍትሔው ከራስ ቁጥር ቀንሶ ለጎረቤት የሚሰጠውን የዙሩን ድርሻ ብቻ ሳይሆን እስካሁን የተሰጠውን ጠቅላላ ድምር መላክ ነው፤ ተቀባዩ ካለፈው ድምር ጋር ያለውን ልዩነት ይወስዳል፣ የጠፋውም በኋላ ይደርሳል።

ሌሎችን ሳይሰማ 0 ላይ የተጣበቀ ድሮን ካለ ግን ሁሉንም ወደ 0 ይጎትታል። ከራስ ከሚበልጡት ቁጥሮች ትልቁን፣ ከራስ ከሚያንሱት ደግሞ ትንሹን መጣል ይረዳል፤ ነገር ግን ሁለት ጎረቤት ብቻ ያለው ድሮን፣ አንዱ በላዩ ሌላው በታቹ ከሆነ፣ ሁለቱንም ጥሎ የሚያዳምጠው ያጣል።