ከፓርማ እስከ ሞዴና፦ የፎርማጆና የአቼቶ አገር

ሮም ከከተምኩ ወዲህ ከጾም ወራት በቀር ፓርሚጃኖ የሚባለው ደረቅ አይብ ከማዕዴ ጠፍቶ አያውቅም። የሚሠራበትን አገር በዓይኔ ለማየት የተመቸኝ ግን ባለፈው ሐምሌ ነው። የባቡሩ መንገድ በደህና ተጠናቀቀ፤ ፓርማ ያሳለፍኩት ሌሊት ግን በጎ አልነበረም። በጣቢያው አቅራቢያ ያረፍኩበት ሆቴል ቁርስ በዋጋው ውስጥ እንደሚካተት ነግሮኝ ሳለ፣ 80 ዩሮ ከከፈልኩ በኋላ ለቁርሱ ሌላ 9 ዩሮ ጠየቀኝ። የፖ ወንዝ ሜዳ በሐምሌ ወበቅና ትንኝ የሚፎካከሩበት ስፍራ ስለሆነም፣ መስኮቱን ስከፍትና ስዘጋ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ፎርማጆ (አይብ በኢጣሊያንኛ) የሚሠራው በማለዳ በመሆኑ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ካወረደኝ ቦታ እስከ ወተት ማኅበሩ ድረስ ጥላ የሌለው ረጅም መንገድ ነበረብኝ። ጥቂት እንደተጓዝኩ አሮጌ ፊያት ፓንዳ የሚነዱ አንድ አዛውንት አጠገቤ አቁመው «ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ያረቡ፣ ወተታቸውንም ለዚያው ማኅበር ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አድርሰውኝ መመለስ ሲችሉ አብረውኝ ገብተው እስከ እኩለ ቀን ሲያስረዱኝ ዋሉ፤ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው።

የማታው ወተት ዝቅ ባለ ሰፊ ገንዳ ሲያድር ክሬሙ ይሰፍና ይገፈፋል፤ ከጠዋቱ ወተት ጋር ተደባልቆም የተገለበጠ ደወል በሚመስል የመዳብ ጋን ውስጥ ይገባል። ከትናንት የተረፈ አጓትና ከጥጃ ጨጓራ የሚገኝ ማርጊያ ሲጨመርበት በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ባለሙያው ኳስ በሚመስል የሽቦ መምቻ የረጋውን የስንዴ ቅንጣት እስኪያህል ድረስ ሰባበረው። ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ጥቂት ቅንጣት ዘገነና በጣቶቹ መካከል አሸት፣ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቴርሞሜትሩ 55 ዲግሪ እስኪያሳይ ሲሞቅም ከመሣሪያው ይልቅ ደጋግሞ የሚያምነው ያንን እጁን ነበር። በመጨረሻ ከጋኑ ሥር የተጠራቀመውን ትልቅ ጓል ሁለት ሰዎች በጨርቅ አንጠልጥለው አወጡና በቢላዋ ለሁለት ከፈሉት፤ ሁለቱን መንታ ይሏቸዋል። ለአንዱ ድፍን ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይገባበታል፤ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። የቀረው አጓት የፓርማ ፕሮሹቶ (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ) ለሚሠራባቸው አሳማዎች መኖ ይሆናል።

ታሪኩ የገዳም ታሪክ ነው። በመካከለኛው ዘመን የቤኔዲክትና የሲስተርሲያን መነኮሳት ረግረጉን አድርቀው ለም መስክ ሲያደርጉት ላሞቹ በዙ፤ የተትረፈረፈውን ወተት ለረጅም ጊዜ የሚያቆዩበት ዘዴ ፈለጉ፤ ጨው ደግሞ ከሳልሶማጆሬ ምንጮች በቅርብ ይገኝ ነበር። በ1254 ጄኖቫ ላይ የተጻፈ የውል ሰነድ የፓርማን ፎርማጆ በስሙ ይጠራዋል። የአምራቾቹ ኮንሶርሲዮ (ኅብረት) የተመሠረተው በ1934 ሲሆን ደንቡ እጅግ ጥብቅ ነው። ለምሳሌ ላሞቹ ታፍኖ የቦካ መኖ አይሰጣቸውም፤ በዚያ መኖ ውስጥ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ወተቱ ከገቡ ከወራት በኋላ ፎርማጆውን ከውስጥ ነፍተው ይሰነጥቁታል። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ በአንድ ጎረቤታቸው ሰነፍነት ከብዙ ዓመት በፊት የተበላሸውን እያስታወሱ አሁንም ይቆጡ ነበር።

እናቴ ወተት ንጣ ቅቤውን ካወጣች በኋላ አሬራውን ለብ አድርጋ የምታወጣው አይብ በዚያው ቀን ተሠርቶ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነው። እዚህ ግን ድፍኑ ሦስት ሳምንት ገደማ በጨው ውኃ ከሰነበተ በኋላ መጋዘን ይገባና ቢያንስ 12 ወር፣ ብዙ ጊዜም 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ዓመት ሲሞላው መርማሪ ይመጣና እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ እየመታ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ውስጡ ባዶ ቦታ ወይም ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይለወጣል፤ ያ ድፍን የማዕረጉን ማኅተም ሳያገኝ ይቀራል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ሀብት በመሆኑ በዚያ አገር ፎርማጆን በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር ባንክ አለ። በግንቦት 2012 ምድር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ስትናወጥ መደርደሪያዎቹ ተደርምሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ድፍኖች ወደቁ፤ ያን ጊዜ ከመላው ኢጣሊያ ሕዝቡ የተሰባበረውን እየገዛ አምራቾቹን ከኪሳራ እንደታደጋቸው አዛውንቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አጫወቱኝ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ባለሙያው በአጭር ቢላዋ ፈልፍሎ ሲያቀርብልኝ ጾመኛ መሆኔን ነገርኩት። ሰው ሥራውን ሲያቀርብ እምቢ ማለት ስለሚከብድ ተሳቅቄ ነበር፤ አዛውንቱ ግን «የእኔም እናት ዓርብ ሥጋ አትነካም ነበር» አሉና በወረቀት ጠቅልለው «ነገ ትበላዋለህ» ብለው ሰጡኝ።

ወደ ላሞቹ በረት ስንሻገር ያገኘናቸው ሠራተኞች ጥምጣም ያሰሩ፣ ከሕንድ ፑንጃብ የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። በፖ ሜዳ ወተት ከሚያልቡት መካከል ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ሲሆኑ፣ ኖቬላራ በምትባለው ከተማ ትልቅ ቤተ መቅደስ አላቸው። በጎበኘሁት ማኅበር ግድግዳ ላይ የመነኮሳቱ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የእነዚህ ሰዎች ፎቶግራፍ ግን የለም። በስደት የሚኖር ሰው እንደመሆኔ ይህ ቅር አሰኝቶኛል፤ ዛሬ ያ ወተት ጋኑ ዘንድ የሚደርሰው በእነርሱ እጅ ነውና የታሪኩ ባለቤቶች ናቸው።

በማግስቱ ሞዴና ገባሁ፤ የተጠቀለለውንም እዚያው በላሁት፤ በጥርስ መካከል እንደ ደቃቅ ጨው የሚንኮሻኮሽ ነገር አለው። ከአደባባዩ አጠገብ ያለ አንድ ሱቅ ያማረ ጠርሙስ አውጥቶ «የ20 ዓመት አቼቶ ባልሳሚኮ» (አቼቶ ማለት ኮምጣጤ ነው) በማለት 45 ዩሮ ጠየቀኝ። የኋላ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ንጥረ ነገር የወይን ጠጅ አቼቶ ነበር። እንዲህ ያለው ተራ ባልሳሚኮ 60 ቀን ብቻ ቢቀመጥ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ክፋት የለውም፣ ሰላጣ ላይም ይጣፍጣል፤ በትውልድ ጥረት የተሠራውን ስም አልብሶ መሸጥ ግን ሌብነት ነው ብዬ ሳልገዛ ወጣሁ።

እውነተኛውን ያሳዩኝ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤታቸው ቆጥ ላይ በርሜሎቻቸውን የሚጠብቁ አንዲት እመቤት ናቸው። የሚገባበት ነገር ተቀቅሎ የወፈረ የወይን ጭማቂ ብቻ ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩት በርሜሎች ከኦክ፣ ከቼሪ፣ ከእንጆሪ ዛፍና ከጥድ የተሠሩ ናቸው። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳና የጎደለው ከጎኑ ካለው ከፍ ካለው በርሜል ይሞላል፤ ቆጡ የተመረጠው የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ ሁለቱም ስለሚያስፈልጉት ነው። ቢያንስ 12 ዓመት፣ የላቀው ደግሞ 25 ዓመት ይቆያል። ሴት ልጅ ስትወለድ አዲስ የበርሜል ረድፍ ተጀምሮላት ስትዳር ይዛው የምትሄድበት ልማድ ነበር፤ የእመቤቲቱም ረድፍ የተጀመረው በተወለዱበት ዓመት ነው። በማንኪያ ያቀመሱኝ ጠብታ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ ኮምጣጣ፣ በመጨረሻም የጥድ ሽታ ያለው ነበር። ለ12 ዓመቱ 50 ዩሮ ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም።

ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ወተት ማኅበሩ ዘንድ ቀጠሮ ይዞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንዲደርስ፣ አቼቶውን ሲገዛ ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ትራዲሲዮናሌ» (ባህላዊ) የሚለውን ቃልና ኢጣሊያዊው ንድፍ አውጪ ጁጃሮ የነደፈውን ባለ 100 ሚሊ ሊትር ድቡልቡል ጠርሙስ እንዲፈልግ ነው፤ የሞዴናው ትራዲሲዮናሌ በሌላ ዓይነት ጠርሙስ አይሸጥም።