ፍራንክፈርት ላይ ካርዴ እምቢ ካለኝ በኋላ

እናቴ ከአውሮፕላኑ ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ክንዴን ጨበጠችና "ዞረብኝ" አለች። ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብረን ወደምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እየተመለስን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌሊቱን ይዞን በርሮ ማለዳ ፍራንክፈርት አውርዶናል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደን አውሮፕላን ገና ሰዓታት ይቀሩታል። ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኳት። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፣ እጇ ግን በረዶ ነው። የኤርፖርቱ ሐኪሞች መጥተው የደም ግፊቷን ለኩና እርስ በርስ ተያዩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አምቡላንስ ውስጥ ነበርን።

ሆስፒታሉ ለሕክምናዋ አላመነታም፣ ወዲያው ግሉኮስ ተከሉላት። ያመነታው ቢሮው ነው። እናቴ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ አላት፤ ሜዲኬር ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የጉዞ ኢንሹራንስ አልገዛሁላትም ነበር። የቢሮው ሠራተኛ በትሕትና "ሐኪሙ ለአንድ ሌሊት ትተኛ ብሏል፣ ኢንሹራንስ ከሌላችሁ 2,000 ዩሮ ማስያዣ ያስፈልጋል" አለችኝ። እኔም ምን ችግር አለው ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሦስት ካርድ ነበረኝ።

መጀመሪያ ከራሴ ሂሳብ የሚቆርጠውን ዴቢት ካርዴን ሰጠኋት። ሂሳቤ ላይ ከበቂ በላይ ገንዘብ ነበር። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና እምቢ አለ። በሆስፒታሉ ዋይፋይ የባንኬን አፕ ስከፍት "አጠራጣሪ ክፍያ ስለሆነ አግደነዋል፤ ለማረጋገጥ ወደ ስልክዎ የላክነውን ቁጥር ያስገቡ" ይላል። ስልኬ ውስጥ ያለው ግን የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ነው። የአሜሪካውን ሲም አዲስ አበባ እንደገባሁ አውጥቼ፣ በትንሽ ፖስታ አሽጌ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሻንጣው ደግሞ በቀጥታ ዋሽንግተን እንዲደርስ ለጭነት ተሰጥቷል። ኮዱ ማንም በማያየው ስልክ ቁጥር ላይ ሲደርስ እኔ ባዶ ስክሪን አያለሁ።

ሁለተኛው ከባንክ በብድር የሚከፍለው ክሬዲት ካርድ ነው። ገደቡ 1,500 ዶላር ሲሆን፣ ለዘመድ በገዛሁት ስጦታ አብዛኛው አልቋል። ሦስተኛው የአንድ ልብስ መደብር ካርድ ነበር፤ ከዚያ መደብር ውጭ የትም አይሠራም። ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር ብቻ ካርድ ያለኝ መስሎኝ ኖሯል።

እናቴ ከአልጋው ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች። ነጠላዋን ሳበችና የጫፉን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። አራት ጊዜ የታጠፉ ሦስት የመቶ ዶላር ኖቶች። "እንኪ ልጄ፣ ይበቃል?" አለችኝ። ያንን ገንዘብ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትነሳ ጀምሮ ይዛው አዲስ አበባ ደርሳ እየተመለሰች ነው፣ ለእኔም አልነገረችኝም። አልበቃም፤ ግን የዚያን ቀን ጠዋት ለመጠባበቂያ በትክክል ያሰበች እሷ ብቻ ነበረች።

በመጨረሻ ፍራንክፈርት አጠገብ ኦፈንባህ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሥራውን ጥሎ መጣና በራሱ ካርድ ከፈለ። እናቴ የግፊት መድኃኒቷን ሌሊቱን ባለመውሰዷና ውሃ ባለመጠጣቷ ነበር የታመመችው። በማግስቱ በእግሯ ወጣች። ለዚያ ልጅ ምን ጊዜም ባለ ዕዳ ነኝ። ሁሉም ሰው ግን ትራንዚት በሚያደርግበት ከተማ የአክስት ልጅ አይኖረውም። እኔም ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አልነበረኝም።

ቤት እንደደረስኩ ለጉዞ ድንገተኛ ችግር የሚሆን አንድ ካርድ ልፈልግ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ ሰው መጠየቄ ነው። ሥራ ቦታም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የጠየቅሁት ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ማይል፣ በካርዱ ሲከፍሉ ስለሚጠራቀመው የበረራ ነጥብ ነው፤ ይኼኛው ካርድ ይህን ያህል ነጥብ ይሰጣል፣ ያኛው የኤርፖርት ማረፊያ ክፍል ያስገባል። ለእኔ ግን ማይል የሚሰጥ ካርድና ሆስፒታል ጠረጴዛ ላይ እምቢ የማይል ካርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነዋል። ወረቀት አወጣሁና "ያን ቀን ጠዋት ምን ያስፈልገኝ ነበር?" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የምርጫው ነገር ቀለለኝ።

በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ ሁሉ ወለዱንና ክፍያዎቹን በአንድ ሰንጠረዥ ማሳየት አለበት። ማስታወቂያውን ትቼ እሱን ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የማየው "ፎሪን ትራንዛክሽን ፊ" የሚለውን መስመር ነው። ከአሜሪካ ውጭ በተከፈለው ላይ ሁሉ የሚጨመር ሲሆን ብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ ነው። 2,000 ዩሮ ላይ 60 ዩሮ ማለት ነው፤ ለምንም ያልሆነ ገንዘብ። ይህን ክፍያ ጨርሶ የማይጠይቁ፣ ዓመታዊ ክፍያም የሌላቸው ካርዶች ሞልተዋል። ካፒታል ዋን ለምሳሌ በአሜሪካ በሚሰጣቸው ካርዶች ላይ አይጠይቅም፤ አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖችም (በአባላት የተያዙ የቁጠባና ብድር ተቋማት) እንዲሁ ናቸው።

ቀጥሎ ካሽ አድቫንስ የሚለውን አየሁ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው፤ አገራችን ሄደን ሲቸግረን ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይቆረጣል። በዚያ ላይ ዕቃ ሲገዙበት እንዳለው የእፎይታ ጊዜ የለም፤ ወለዱ ገንዘቡ ከማሽኑ ከወጣበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ ጥሬ ገንዘብ በዴቢት፣ ክፍያ በክሬዲት። ሆቴልና ሆስፒታል ማስያዣ ሲጠይቁ ደግሞ በፍጹም ዴቢት አልሰጥም፤ የያዙት ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ የራሴ ሂሳብ ታስሮ ይቆያል። ካርዱ ቢሰረቅስ? በአሜሪካ ሕግ በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ለወጣ ገንዘብ ቢበዛ የምጠየቀው 50 ዶላር ነው። ዴቢት ካርድ ሲሆን መጥፋቱን ባወቅሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላመለከትኩ ተጠያቂነቴ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ባንኩ ሂሳብ መግለጫ ከላከ 60 ቀን ካለፈ ከዚያም ይብሳል። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን መቁጠር እንዴት እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቪዛ ወይም ማስተርካርድ እንዲሆን ወሰንኩ። ሌሎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያሉ የባንክ ማሽኖች ላይ በብዛት የማያቸው የእነዚህ የሁለቱ ምልክቶች ስለሆኑ ነው።

ገደቡ ግን ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ። 0 ክፍያ ያለው ካርድ በ1,000 ዶላር ገደብ ቢሰጡኝ ፍራንክፈርት ላይ ያው እናቴን እያየሁ ነው የምቀመጠው። አባል ከሆንኩበት ክሬዲት ዩኒየን አንድ ቪዛ አመለከትኩና 5,000 ፈቀዱልኝ። ስድስት ወር በየወሩ ሙሉውን ከከፈልኩ በኋላ ደውዬ ከፍ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅሁ፤ 8,000 አደረጉት። ሁለት ሰው ትኬት ቀይሮ፣ ሆቴል አድሮ፣ ሆስፒታል አስይዞ የሚወጣበት ገንዘብ ነው ብዬ የገመትኩት ያንን ነው። ካርዱን በጭራሽ አለመንካትም አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየ ካርድ ባንኩ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ወርሃዊ ክፍያ በእሱ አደረግሁና ከሂሳቤ በራሱ እንዲከፈል አዘዝኩ።

የኮዱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ባንኩ ሲጠራጠር እኔን በምን ያገኘኛል? የአሜሪካ ቁጥሬን ወደ ኢሲም፣ ስልኩ ውስጥ ወደሚጫን ካርድ የሌለው ሲም ቀየርኩት፤ አሁን የኢትዮጵያ ሲም ሳስገባ አብሮ ስልኩ ውስጥ ይቆያል። ክሬዲት ዩኒየኑ በአፑ በኩል "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ማረጋገጥ ስለሚፈቅድ ዋይፋይ ብቻ ይበቃኛል። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው በ800 የሚጀምረው ነፃ ስልክ ከውጭ አገር ላይሠራ ስለሚችል፣ ከውጭ የሚደወልበትን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ፓስፖርቴ ውስጥ አኖርኩ። ስልክ ከተሰረቀ ስልክ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳልና። የሚስጥር ቁጥሩንም (ፒኑን) ከመሄዴ ሳምንታት በፊት አስላክሁ፤ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ብዙውን ጊዜ ያለ ፒን ነው የሚሠራው፣ አውሮፓ ግን ሰው የሌለበት የባቡር ትኬት ማሽን ሊጠይቅ ይችላል።

ባለቤቴ "እኔንም በካርድሽ ላይ አስጨምሪኝ፣ አንድ አንድ እንይዛለን" ብሎኝ ነበር። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ስጠይቅ ግን የሁለታችንም ካርድ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ የእሱ ቢጠፋና ቢታገድ የእኔም አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ እሱ ከሌላ ባንክ የራሱን ማስተርካርድ አወጣ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚቆመው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ሙከራው ኅዳር 2017 ላይ ነበር፣ እንደገና ከእናቴ ጋር። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አገር ቤት በካርድ መክፈል የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ባንኩ አንድ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ሲያስብ በጥቁር ገበያ እጥፍ ነበርና። አሁን የባንኩ ዋጋ ከመቶ ብር በላይ ሆኖ ካርድ ማውጣት አያስቆጭም። ቦሌ ያረፍንበት ሆቴል ያለ ችግር ተቀበለኝ። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ግን ሻጯ ማሽኑን አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው፣ ወደ በሩ ወሰደችው፣ በመጨረሻ "ኔትወርክ የለም እህቴ፣ ካሽ ይኖርሻል?" አለችኝ። ነበረኝ። ካርድ ብቻ ይዞ አገር ቤት መግባትን ለማንም አልመክርም።

ስንመለስ ፍራንክፈርት ላይ ለእናቴ ሻይ ገዛሁ። ማሽኑ ሁለት መስመር አወጣ፤ ከላይ በዩሮ፣ ከታች በዶላር። በዶላር የሚለው ለእኛ ያሰበ ይመስላል፣ የምናውቀው ገንዘብ ስለሆነ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። ያ ግን ሻጩ ወይም የእሱ ባንክ በራሱ ዋጋ ሲመነዝር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከካርዱ ዋጋ ይወደዳል። ሁልጊዜ ያለሁበትን አገር ገንዘብ ነው የምነካው። ዩሮን ነካሁ።

ካርድ ግን ብድር ነው። 2,000 ዶላር በ24 በመቶ ወለድ ሳይከፈል ቢቀመጥ በወር 40 ዶላር ይበላል። ስለዚህ ለዚህ ብቻ የሚሆን ቁጠባ አለኝ፤ አንድ ጊዜ የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ነው የጀመርኩት። ለእናቴ ደግሞ አሁን በየጉዞው የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ለብቻው እገዛለሁ። ብዙ ካርዶች "የጉዞ ኢንሹራንስ አለን" የሚሉት የሻንጣ መዘግየትና የጉዞ መሰረዝን ነው፤ ለሆስፒታል አልጋ መሆኑን ውሉ ላይ ሳላነብ አላምንም።

ባለፈው ጉዞ ከቤት ስንወጣ የባለቤቴን ማስተርካርድ ከእኔ ቦርሳ የት ለይቼ ላስቀምጠው እያልኩ ስዞር እናቴ እጇን ዘረጋች። ካርዱን በመሃረብ ጠቀለለችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ ከሦስቱ የመቶ ዶላር ኖቶች አጠገብ ቋጠረችው።