ጓሳን ልናይ ወጥተን ማህተም ስንጠብቅ ዋልን

“ለጎብኚ ደብዳቤ አያስፈልግም” ብሎ በስልክ ያረጋገጠልኝን ሰውዬ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሰሜን ሸዋ ወዳለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ፣ ወደ መንዝ ጓሳ የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። መንገዱ አላስቸገረንም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጣርማ በር፣ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ መታጠፍ ነው።

መሀል ላይ ካለች አንዲት ከተማ ቡና ልንጠጣ ወረድን። ወንድሜ የተዋስነውን ካሜራ አወጣ። ሌንሱ የክንድ ያህላል። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ቢሮ ተጠራን።

“ጋዜጠኛ ናችሁ?”

“አይ፣ ጎብኚ ነን።”

“ጎብኚ ይሄን የሚያህል ካሜራ ምን ያደርግለታል?”

እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስምንት ሰዓት ላይ መጡ፤ አመኑንም። የሚያናድደው እሱ ነው! “ችግር የለም፤ ብቻ ወደፊት እንዳትጉላሉ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ” አሉ። ተጻፈ፣ ተፈረመ። ማህተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ማህተም ከምትይዘው ሴትዮ ጋ ነው፤ እሷ ለቅሶ ሄዳለች።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። “አዲስ አበባ እደውላለሁ!” ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ወንድሜ ግን ከዘበኛው ጎን ቁጭ ብሎ የካሜራውን ፎቶ አንድ በአንድ ሲያሳያቸው ዋለ። ሴትዮዋን ፈልጎ እንዲያመጣ ልጅ የላኩት እኚሁ ዘበኛ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ ደረሰች። ስንት ስድብ አዘጋጅቼላት የነበርኩት ሰውዬ “ነፍስ ይማር” ብቻ አልኩ። ቆማ መታችልን።

ያንን ደብዳቤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልጠየቀንም።

ስለዚህ አያስፈልግም ቢሏችሁም ደብዳቤ ያዙ። ከመሥሪያ ቤት ቢሆን ጥሩ፤ ካልሆነ ከእድራችሁም አጽፉ። ክብ ማህተም ይኑረው እንጂ። ትልቅ ሌንስ ከተማ ውስጥ አታውጡ። የመንዝ ባናም (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ) ሳትገዙ እንዳትወጡ፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ በጃኬት ተማምነን ሌሊቱን ጥርሳችንን ስናንቀጫቅጭ አደርን።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጅብራ ከሚባለው ረጅም ተክል መሀል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሳር ይነጫሉ። ይህን ሳር የመንዝ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ከፍተው ያጭዱት ነበር። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። 400 ዓመት ገደማ፣ ያለ ማህተም! የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ መለሰው።

አስጎብኚያችን በአገጩ ጠቆመን። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ ብሎ ይሄዳል። አንዱም አልደነገጠም። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ቆጥረውታል፤ በጭላዳ መሀል አይጥ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ።

ወንድሜ ካሜራውን አነሳ። ባትሪው አልቋል። ግማሹ ለዘበኛው ፎቶ ሲያሳይ፣ ግማሹ በብርዱ። አውጥቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ትንሽ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል ብዬ።

ቀበሮው አልጠበቀንም።