እዚያ ስንት ሰዓት ነው?

ትናንት የአባቴ አርባ ወጣ። ሰዉን ሸኝተን፣ ትልልቁን ድስት አጥበን ስንጨርስ እኩለ ሌሊት ሆኖ ነበር። እማዬ ተኛች። እኔ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ገና አልደፈርኩም። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንዱ የዋሽንግተን ነው። ሁለተኛው የጎንደር፣ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ። ባትሪያቸውን የሚቀይረው እሱ ነበር።

አባቴ ጣልያን በገባበት በ1928 ጎንደር ተወለደ። 88 ዓመት ኖረ። ከዚህ ውስጥ 41ዱን ዓመት ያሳለፈው ዋሽንግተን ነው። ግን ስልክ ባነሳ ቁጥር፣ ሻይ በጠጣ ቁጥር፣ መኪና ባቆመ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» መልሱን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። በአሜሪካ በጋ ሰባት ሰዓት፣ በበረዶው ክረምት ስምንት ሰዓት ይቀድሙናል። ቢሆንም ይጠይቃል።

የታሪክ አስተማሪ ነበር። በ1970 ቀይ ሽብር ጎንደርን ሲያምሳት፣ ከክፍሉ ልጆች ጠዋት ጠዋት የሚቀሩት እየበዙ ሄዱ። አንድ ማታ የእሱም ስም መነሳቱን ሰው ሹክ አለው። በዚያው ሌሊት ወጣ። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። መተማን ሲያነሳ ሁሌ የሚቆጨው አንድ ነገር ነበር። «አፄ ዮሐንስ የወደቁባትን ምድር ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ሳልፍባት ግን ጨለማ ነበር፣ አላየኋትም» ይላል። ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ውሃ ጥሙ ብዙ አያወራም። ይቺን ግን ሁሌ ይደግማታል።

ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጨደ። ካርቱም ላይ የሰው ልጅ አስጠና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታ ስለነበር፣ ብዙ ሐበሻ ከሱዳን በዚያ በኩል ይወጣ ነበር። የእሱም ተራ ደርሶ በ1975 ዋሽንግተን ገባ። መጀመሪያ የሌሊት ፓርኪንግ ሠራ። ከዚያ የታክሲውን ፈተና አለፈ።

እኔና እማዬ የደረስነው በ1979 ነው። የመውጫ ቪዛ እስኪገኝ ስንት ደጅ እንደጠናን እማዬ ትናገረው። ደለስ አየር ማረፊያ ኮት የለበሰ ረጅም ሰውዬ እማዬን አቅፎ ሲያለቅስ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔም እጅ ነሥቼ «እንደምን አደሩ?» አልኩት።

ምን ላድርግ? አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የማላውቀው ትልቅ ሰው ነው። ፈገግ አለና ሻንጣውን ለማንሳት ጎንበስ አለ። ቶሎ ቀና አላለም።

ለወራት አንቱ አልኩት። «ይብሉ»፣ «ይግቡ»፣ «ደህና ይደሩ»። አንድ ቀን እንኳ አላረመኝም። እማዬ ስትቆጣኝ «ተያት፣ በጊዜው ይመጣል» ይላት ነበር። ይህን ትዕግሥቱን ያየሁት አሁን እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናፍቆ፣ ልጁ ስትመጣ እንደ እንግዳ እጅ ስትነሳው ዝም ብሎ መጠበቅ!

የመጣውም በበረዶ ነው። የመጀመሪያው ክረምታችን ነበር። ታክሲው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ እሱ በአካፋ ይዝቃል፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አያለሁ። እግሩ ሲንሸራተት «አባዬ ተው፣ ትወድቃለህ!» ብዬ ጮህኩ። አካፋውን እንደያዘ ቆመ። «ምን አልሽኝ?» ያጠፋሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልገባም። በዚያ ውርጭ ይዞኝ ወጣና ከተማዋን አዞረኝ።

ያኔ የዋሽንግተን ታክሲ ቆጣሪ አልነበረውም። ሒሳቡ በዞን ነው። ከተማዋ በካርታ ተከፋፍላ፣ ስንት ዞን እንዳቋረጥክ ተቆጥሮ ትከፍላለህ። አባቴ ካርታውን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቆጣሪ ግዴታ ሲሆን ጓደኞቹ ክፉኛ ተበሳጩ። እሱ ደግሞ አዘነ። ያን ያህል ዓመት የተማረው ነገር በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣበት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋቢና አስቀምጦኝ ታሪክ ያስተምረኛል። ዩኒየን ስቴሽን ጋ ሲደርስ ያቀዘቅዛል። «ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1963 በባቡር የመጡት እዚህ ነው። ኬኔዲ ራሱ ወጥቶ ተቀበላቸው። ክፍት መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው በዚህ መንገድ የሄዱት።» ትንሽ ዝም ይልና፣ «ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። በእግራቸው አስከሬኑን ተከተሉ» ይላል። ከኋላ ጥሩንባ ይነፉበታል፤ ግድ የለውም። ክፍሉ ውስጥ ነዋ!

የ1994 እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ዋለ። አሜሪካኖቹ ሴፕቴምበር 11 የሚሉት ያ ቀን ለእኛ አውደ ዓመት ነበር። አባቴ ማለዳ ወጥቶ ለምሳ ሊመለስ፣ እማዬ ዶሮውን ጥዳለች። ጠዋት 3 ሰዓት ከ37 ላይ ፔንታጎን ተመታ። ስልክ እምቢ አለ። ስንጨነቅ ዋልን። ማታ 1 ሰዓት ላይ መጣ፣ ሸሚዙ ላብ በላብ። ቢሮ ተዘግቶ በእግሩ የሚሸሸውን ሰው ሲጭን ነው የዋለው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሜሪላንድ ድረስ አድርሷል። ከማንም ገንዘብ አልተቀበለም። «በአውደ ዓመት ቀን እንዴት ብዬ?» አለ። ዶሮውን አሙቀን በላን። ከዚያ በኋላ ናሽናል አየር ማረፊያ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ሥራው ሁሉ ሲቀዘቅዝ፣ የዚያን ቀን ሒሳብ አንዴም አላነሳም።

አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ የማለዳ በር መንኳኳት። እኛ ሳንመጣ፣ አያቴ በ1977 ጎንደር ሞታ ከወራት በኋላ ነው የተረዳው። ጓደኞቹ ተጠራርተው፣ እንደ ወጉ፣ ጎህ ሲቀድ መጡ። ከሌሊት ፓርኪንግ ገብቶ ገና መተኛቱ ነበር። በሩን ሲከፍት ደረጃው ላይ የተደረደሩትን ጥቁር ኮቶች አየ፤ ማንም ሳይናገር ገባው። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣ አድራሹ እንኳ በማለዳ ኮሽ ካደረገ ከአልጋው ዘሎ ይነሳል።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደከመ። ሆስፒታል የመጨረሻው ማታ 4 ሰዓት ገደማ ዓይኑን ገልጦ «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ሊነጋ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው አትደውሉ» አለ። «ይተኙ።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ሜሪላንድ ነው የቀበርነው። ድሮ «አገሬ ውሰዱኝ» ይል ነበር። የልጅ ልጆች ሲመጡ ትቶታል። የቀረችው ታናሽ እህቱ፣ ጎንደር ያለችው አክስቴ ነበረች። አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፎት ነበር፤ ቀብሩን በቪዲዮ ልናሳያት አልቻልንም። መርዶው በወጉ መነገር አለበት። ዘመዶቻችን ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንሄዳለን አሉኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ተኝታ በር እንዳታንኳኩባት ብዬ ለመንኩ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ወግ አይደለም ብሎ ተቆጣኝ። የአባቴን የመጨረሻ ቃል ስነግረው ግን ዝም አለ። በመጨረሻ ከቅዳሴ ተመልሳ አረፍ ስትል፣ 3 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተስማሙ።

እኛ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሰዓቶች ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተደወለ። የአጎቴ ልጅ ምንም ሳይል ስልኩን ከፍቶ እንደያዘው ገባ። የውሻ ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ የብዙ ሰው እግር፣ ከዚያ የሲኒ ድምፅ። ቀጥሎ የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ ልክ እንደ እሱ ረጋ ያለ።

«ውይ፣ እንዴት ያለ ቀን ነው! ሁላችሁም መጣችሁ? ግቡ፣ ግቡ፣ ቡናው ገና አንደኛው ነው።»