«ምን ልለምንልዎት?» ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከማኅበራችን ልጆች ጋር እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ሕሙማን ልንጠይቅ እንሄዳለን። ቄስ አይደለሁም፣ ዲያቆንም አይደለሁም። ሙዝ ተሸክሞ የሚከተል ምእመን በሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ነገር አበላሽ ነበር። አንዴ እግሩ ተሰብሮ ከተኛ ሰውዬ ራስጌ ቆሜ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከዳር እስከ ዳር ወጣሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ስጨርስ ለካ ሰውዬው ሽንቱ ወጥሮታል፤ አስታማሚው ፖፖውን ይዞ እኔን ይጠብቃል።

ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው ልጇን ለምታስታምም እናት «አይዞሽ፣ የሚመጣው እሑድ ቤትሽ ነሽ» ማለቴ ነው፣ በሙሉ አፌ። እሑድ ስመለስ እዚያው አልጋ አጠገብ አገኘኋት። ምንም አልተናገረችኝም፣ ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ጣና ዳር ወርጄ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። እኔ ማን ሆኜ ነው ቀን የምቆርጠው? ከዚያ ወዲህ «ምሕረቱን ያምጣልሽ» ብቻ ነው የምለው፤ እናቶቻችን ሲሉት የኖሩት ቃል ሐኪሙንም አይጋፋ፣ እግዚአብሔርንም ቀጠሮ አያሲዝ።

የኢዮብ ጓደኞችም እኮ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

አሁን መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ኮሪደር ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል፣ ባለቤታቸው ውስጥ ተኝተዋል። «እማማ፣ ምን ልለምንልዎት?» ስላቸው የባልየውን ነገር ይላሉ ብዬ ነበር። «ላሜ ልትወልድ ደርሳለች፣ ማንም የላትም» አሉኝ። ስለ ላሚቱ ጸለይን! አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ስንጨርስ አለቀሱ፤ ከመጡ ጀምሮ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም ለካ። አስታማሚ ይረሳል። እኔም ስንት ጊዜ ተራምጃቸው አልፌያለሁ።

ሌላው የክርስትና ስም ነው። ጠይቄ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ ዳዊት 120ን፣ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን እደግምና ስማቸውን አንድ በአንድ እጠራለሁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «እጸልይልሃለሁ» ብሎ መርሳት እንዴት እንደሚቀል ስለማውቅ ነው ደብተር የያዝኩት።

ምርቃትን በተመለከተ ደግሞ ልኬን ያሳዩኝ ከዘጌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ እስቲ፣ ማነው መራቂው? እኔ አርጅቼ የለም እንዴ!» ግሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሡና «እግርህ አይሰናከል፣ ደጅህ አይዘጋ፣ እጅህ ከመስጠት አይጠር» እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። ክፍሉ በሙሉ፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛ አንድ ጎረምሳ ሳይቀር፣ «አሜን» ይላል። ነርሷም መርፌዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ «አሜን» አለች።

አሁን ሽማግሌ ካለ ጎንበስ ብዬ «ይመርቁን» እላለሁ። ሙዙን የማድለው ከዚያ በኋላ ነው።