የጠላቂው ቤት

«ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አሉኝ እማማ። ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ የማናውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ግንቦት ሊያልቅ ነው። ሙሐረቅ ውስጥ በዚያ ሰዓት ግድግዳው ራሱ እንደ ጋለ ምጣድ ይለበልባል። የያዝኩት ውኃ አልቋል። መኪናው ደግሞ ሩቅ ነው የቆመው።

ባሕሬን ውስጥ በአስጎብኚነት መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙ እንግዳ አይቻለሁ። ያን ቀን የሆነው ግን አሠራሬን ከሥሩ ስለለወጠው ልጻፈው ብዬ ነው።

እንግዶቹ የአገሬ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ቤተሰብ፣ ልጆቹን ጨምሮ ሰባት ሰው። አንዷ ማናማ ውስጥ ነርስ ናት። እናቷን ከደሴ አስመጥታ አገር ልታሳያቸው ነው። እኔ እስከዚያ ቀን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ እንጂ በአማርኛ አስጎብኝቼ አላውቅም። ሌሊቱን ቃል ስፈልግ አደርኩ። ሉል፣ ማለትም ዛጎል ውስጥ የሚገኘው ዕንቁ፣ የሚለውን አውቃለሁ። ከባሕር ሥር ዛጎል የሚያወጣውን ሰው «ጠላቂ» እለዋለሁ አልኩ። የጀልባውን አዛዥ እዚህ እንደሚጠሩት «ናኹዳ» ብዬ ተውኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አገር ቤት እንግዳ እንደምቀበል ነው የተሰማኝ።

ሙሐረቅን ለማያውቃት ትንሽ ልንገር። ከማናማ በድልድይ የምትገናኝ ደሴት ናት። ነዳጅ ሳይመጣ በፊት ባሕሬን የምትተዳደረው በሉል ነበር። የሉሉ ንግድ ልብ ደግሞ ሙሐረቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ዩኔስኮ ይህን ታሪክ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የተመዘገበው አንድ ግንብ ወይም አንድ ቤት አይደለም። በከተማው ውስጥ ያሉ 17 ሕንፃዎች፣ ባሕር ውስጥ ያሉ ሦስት የዛጎል መስኮች፣ ጀልባዎቹ ይነሡበት የነበረው የባሕር ዳርና የቡ ማሂር ምሽግ በአንድ ላይ ናቸው። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ቤቶቹን እያገናኘ የሚሄደው የእግር መንገድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እንዳይጠፋ ሉል የመሰሉ ክብ ነጭ መብራቶች ይመሩሃል። የከተማዋ እድሳት በ2019 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። እውነትም የሚገባው ሥራ ነው። አሮጌውን አፍርሰው አዲስ አላቆሙም፤ ያለውን በትዕግሥት አዳኑት።

የእኔ ፕሮግራም ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነበር። ሲያዲ ከሚባለው የሉል ነጋዴዎች ቤተሰብ ቤት ማለት ነው። ምክንያቱ እንግዶች የሚወዱት እሱን መሆኑ ነው። ቤቱ ረጅም ነው፣ የጀሶ ቅርጹ ያምራል፣ መጅሊሱ (የእንግዳ መቀበያው) ባለቀለም መስታወት አለው፣ ፎቶ ይወጣል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ የነጋዴ ቤቶች፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ሐልዋ ቀምሶ ወደ ቤት። በመንገዱ ሌላ ጫፍ፣ ወደ ባሕሩ በኩል፣ የጠላቂ ቤት አለች። አል-ጉስ ትባላለች። አራት ዓመት ሙሉ ዘልያታለሁ። ትንሽ ናት፣ የሚታይ ነገር የላትም ብዬ ነው። ሥራ ላይ ያሉት አለቃዬም «እንግዳ የሚከፍለው የሚያምር ነገር ለማየት ነው» ይሉ ነበር። እኔም አምኜ ተቀበልኩ።

ሌላው ጥፋቴ ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ለወጣት ቱሪስት እንኳ ግንቦት ላይ ከባድ ነው። ለሰባ ዓመት እናት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠርሙስ ውኃ ይበቃል ብዬ መውጣቴን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ወደ ደጃፉ ልመለስ። ልጅቷ የእናቷን የልብ ምት ትለካለች። እኔ ስልክ ልደውል ስል በሩ ተከፈተ። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ምንም አልጠየቁም። እማማን በእጃቸው ጠቆሙና «ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ስምንታችንም ገባን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ውኃ መጣ፣ ተምር መጣ፣ ቡና መጣ። እማማ እግራቸውን ዘርግተው እርጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ ተደረገላቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊታቸው ተመለሰ። ሔል ሔል የሚለውን ቀለል ያለ የዓረብ ቡና ቀመሱና «እግዜር ይስጥልን በያቸው፤ ቡናችሁ ሌላ ነው፣ እንግዳ አቀባበላችሁ ግን የእኛው ነው በያቸው» አሉኝ። ተረጎምኩ። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ።

እኔም ባዶ ወሬ እንዳይሆን ብዬ «ዐሚ (አጎቴ)፣ የሉል ነጋዴዎቹን ቤት እያሳየኋቸው ነበር» አልኳቸው።

«የጠላቂውንስ አሳየሻቸው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሲፈቱት ጣት የማታህል ነገር ወጣች። ከቀንድ የተሠራች መቆንጠጫ ናት፤ ዓረቦቹ «ፍጣም» ይሏታል። ጠላቂው አፍንጫውን የሚዘጋባት። ተበስታ ክር ገብቶላታል፤ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። ከአጠቃቀም ብዛት ውስጧ ለስልሶ እንደ መስታወት ያበራል። «የአያቴ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያወሩትን እኔ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ነበር የምተረጉመው። ጠላቂው እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል። ከላይ ጀልባው ላይ አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ይጠብቀዋል። ሳቢው ነው። ጠላቂው ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃል፣ ሳቢው ይጎትተዋል። ነፍሱ በዚያ ሰው እጅ ናት። ጣቶቹ በዛጎል እንዳይቆረጡ ቆዳ ያጠልቃል፣ አንገቱ ላይ ዘንቢል ያንጠለጥላል። ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ። ጠዋት ጥቂት ተምርና ቡና፣ ማታ ሩዝና ዓሣ ነው ምግቡ። ይህ በዓመቱ ሞቃት ወራት፣ አራት ወር ያህል፣ መሬት ሳይረገጥ ነው። ነሃም የሚባለው ዘፋኝ በድምፁ ያበረታቸዋል። ያ የባሕር ዜማ ፊጅሪ ይባላል፤ በ2021 እሱም በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ዛጎሉ ሁሉ አንድ ላይ ይከመርና በማግስቱ ጠዋት ናኹዳው እያየ ይከፈታል። አብዛኛው ባዶ ነው። ሉል ሲገኝም የትኛው ጠላቂ እንዳወጣው አይታወቅም።

«ታዲያ ስንት ይደርሳቸው ነበር?» አሉ እማማ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩን። ጠላቂው ወቅቱ ሳይጀምር ቅድሚያ ብድር ይወስዳል፤ ቤተሰቡ በሌለበት የሚበላው። ሲመለስ ድርሻው ከብድሩ ላይ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እሱ ሲሞት ዕዳው ልጁን ይጠብቃል። በ1920ዎቹ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው የሚያስገድድ ማሻሻያ የመጣው ለዚህ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ስንት እንዳለበት እንኳ አያውቅም ነበርና።

እማማ ፍጣሟን ከእጃቸው ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷት።

«የእኅቴ ልጅ ቤይሩት ስትሄድ ለደላላ የተበደርነውን ሁለት ዓመት ከፈልን» አሉ። ይህን አትተርጉሚ ወይም ተርጉሚ አላሉኝም። ተረጎምኩት። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ እማማ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። «ወንጌል ላይ መልካም ዕንቁ የሚፈልግ ነጋዴ አለ። ያለውን ሁሉ ሸጦ ገዛው ይላል። ስንት ዘመን ሰማሁት መሰለሽ። ያወጣውን ሰው ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።»

ያ ንግግር ውስጤ ቀረ። እኔ ሥራዬ ነው ማሰብ። እኔም አላሰብኩትም።

የጠላቂውን ቤት ያን ቀን አላየንም። እማማ ከዚያ በላይ መራመድ አልነበረባቸውም። ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው መኪና እስከ መኪናችን ድረስ አደረሱን። እንግዶቹ አልተቆጡኝም። እኔ ግን ገንዘባቸውን ተቀብዬ ግማሹን ታሪክ እንደሰጠኋቸው አውቄዋለሁ።

በሳምንቱ ዕረፍት ቀኔ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። በመንገዱ ትክክለኛ አቅጣጫ፣ ከባሕሩ ጀምሬ። ቡ ማሂር ዳር ቆሜ ባሕሩን አየሁ። የሙሐረቅ ጠረፍ ባብዛኛው በአፈር ተሞልቶ ስለሰፋ፣ ከዱሮው የቀረው ዳርቻ ያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሚስቶችና እናቶች ጀልባ የሸኙበት መሬት ነው። ከዚያ በእግረኛ ድልድዩ ወደ ከተማው። መጀመሪያ የምታገኘው የጠላቂውን ቤት ነው። ግቢው ትንሽ፣ ክፍሎቹ ጠባብ። ቀጥሎ ባህላዊ ሐኪም የነበረ ሰው ቤት አለ፤ ባድር ጉሉም ይባላል። ጆሮውና ዓይኑ በጨው ውኃ የታመመ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እዚያ ይገባሃል። ከዚያ ለጀልባዎቹ እንጨትና ስንቅ የሚያቀርቡት የፋኽሮ ቤቶችና መጋዘኖች። ከዚያ ሙራድ የሚባሉት ነጋዴዎች ቤት፣ የናኹዳው ቤት። ሲያዲ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቤቶቹ እየሰፉ፣ ግድግዳው እያጌጠ ይሄዳል። ያንን ጀሶ ከጠላቂው ቤት በኋላ ስታየው ሌላ ነው። ቁንጅናው አይቀንስም። ማን እንደከፈለው ግን ታውቃለህ።

ግድግዳዎቹ ራሳቸው ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ጣሪያውን የያዘው የማንግሮቭ እንጨት ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በጀልባ የመጣ ነው። ይህን ቀድሞም በቃሌ አውቀው ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ቆየሁ።

አለቃዬን አናገርኳቸው። ጉብኝቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይጀመር፣ በሞቃቶቹ ወራት ደግሞ ፀሐይ ስትበርድ ብቻ። ውኃ ለሰው ሁለት ሁለት፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን። መነሻው ባሕሩ ዳር ይሁን። ለጠላቂው ቤት ሃያ ደቂቃ ይሰጥ። የመጨረሻው ላይ ትንሽ ተከራከርን። «ሃያ ደቂቃ ምን ሊያዩ?» አሉ። «ትንፋሻቸውን እንዲይዙ አደርጋለሁ» አልኳቸው።

አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። እንግዶቹን ግቢው ውስጥ አቆማቸዋለሁ። አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ሰዓት አያለሁ። ብዙው ሰው ግማሽ ደቂቃ ላይ ይለቃል። ከዚያ ነው የማወራው። ስለ ገመዱ፣ ስለ ሳቢው፣ ስለ ዕዳው። በመጨረሻም ነገሩ እንዴት እንዳበቃ። የጃፓን እርባታ ሉል ገበያውን እንዳጥለቀለቀው፣ የ1929ኙ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ እንደጨመረበት፣ በ1932 እዚሁ ባሕሬን ነዳጅ እንደተገኘ፣ የጠላቂ ልጆች ወደ ነዳጅ ሥራ እንደገቡ። የእርባታ ሉል ባሕሬን ውስጥ እስከ ዛሬ መነገድ እንደማይፈቀድም እነግራቸዋለሁ።

እማማ ወደ ደሴ ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። «እማዬ የጠላቂውን ቤት በር ፎቶ ላኪልኝ ትላለች» አለችኝ። ማታ ሄጄ አነሣሁት። ነጩ መብራት በርቶ ነበር። ብርሃኑ የእንጨቱ በር ላይ ወድቋል። አንዱን መርጬ ላኩላቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፃቸውን ቀድተው መለሱልኝ፤ «ተባረኪ ልጄ። ሰውዬው እንዴት ናቸው? ሰላም በይልኝ።»

በማግስቱ ተምር ገዝቼ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ።